የአዛለች ስለት

የወይዘሮ አዛለች አስከሬን በቃሬዛ ከአሸተን ተራራ ወርዶ ላሊበላ ሲገባ ከተማው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ከፊሉ «የእግዜር ቁጣ ነው፤ የሰጣትን ሆድ አስቆርጣ ማርያም ደጅ ልትቆም!» አለ። ከፊሉ ደግሞ «የወንድሟ ልጅ ንጋት ገፍታ ጣለቻት» አለ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚሉም አልጠፉም፤ እግዜርና ንጋት ተማክረው የገደሏት ይመስል።

ኢንስፔክተር ይማርሽ አንዱንም አልተቀበለችም። የከተማው የወንጀል ምርመራ ኃላፊ ናት፤ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ሲባል የሰማች ብቻ ሳትሆን በዚያ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ናት። ወፍራም ናት። ይህን ፊት ለፊት ለመናገር የሚያፍር ሰው በላሊበላ ገና አልተፈጠረም። አዛለች አምና አዲስ አበባ ሄዳ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህማ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ኢንስፔክተር፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚያስቆርጡት?» ይላታል። «ያንተን ምላስ ካስቆረጥኩ በኋላ» ብላ ታልፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ዓይን ሲመዝናት ኖራለችና የሬሳውን ሐሜት ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ምናለ፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆሞ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለመጨረስ የሚቸኩል ወጣት ነው። «ጠባቡ መንገድ ላይ ከሟች አጠገብ የነበረችው ንጋት ብቻ ናት። ባለበቅሎው ፈንታው ከኋላ ሆኖ እጇን ወደ ሟች ስትዘረጋ አይቷታል። ምክንያትም አላት፤ ሟች የሆቴሏን ቁልፍ ከእህቷ ከወይዘሮ ቃለሕይወት ወስዳ ለንጋት የሰጠቻት በቅርቡ ነው። ንብረቱንም ልታወርሳት ነው ይባላል። ሰኞ ወደ ወልድያ እንላካት። አዛዡም ‹ቶሎ ዝጉት፤ የእንግዳ ወቅት ነው› ብለዋል።»

«ከደሴ የመጣው የአስከሬን ምርመራስ?»

«መርዝ የሚባል ነገር የለም። የገደላት መውደቁ ነው። መንገድ ላይ አርፈው ብርዝ ጠጥተዋል፤ እሱንም አጣርቻለሁ። ሁሉም ከአንድ ዕቃ ነው የጠጡት። ወይዘሮ ቃለሕይወት እንደ ደንቡ በመዳፋቸው አፍስሰው፣ ቀምሰው ነው ያቀረቡት። አንድም ሰው ሆዱን አልቆረጠውም።»

«የተዘረጋው የንጋት እጅ ባዶ ነበር?»

ምናለ ጥቂት አሰበ። «የሟችን ነጠላ ይዛ ነው የተገኘችው። ጥለቱ ተተርትሯል።»

«ና እስቲ ወደ መስኮቱ። አሁን አንተን ወደ ውጭ ልገፈትርህ ብፈልግ ሸሚዝህን ጨምድጄ መያዝ ምን ያደርግልኛል?»

ልጁ ሸሚዙን ወደ ታች ጎተት አድርጎ ከመስኮቱ ራቀ።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል፣ ምናለ። ልጅቷን አምጣልኝ።»

ንጋት ስትገባ አላለቀሰችም። ዓይኗ የቀላው በንዴት ነው። በመዳፏ ላይ የነጠላ ጥለት የተወው ሰንበር ገና አልጠፋም፤ ይማርሽ እጇን ይዛ በብርሃኑ አየችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀቻት።

«ገፍተሻታል?»

«እትዬን? እኔ?» ከልጅቷ አፍ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ። «ከዚያ ወንበር ያስነሣኋት እኔ ነኝ እኮ! አገሩ ሁሉ ‹ተቀምጠሽ ኑሪ› ሲላት ‹ተነሽ› ያልኳት እኔ ነኝ። ልጥላት ነው ያስነሣኋት?»

ይህ እውነት ነበር። አዛለች ዓመታት ሙሉ ከሆቴሏ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ሰፊ ወንበር ሳትነሣ ኖራለች። ስኳር በሽታው ነበረባት፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ቃሩ እሳት ሆኖ እስከ ጉሮሮዋ ይወጣል። ታናሽ እህቷ ቃለሕይወት ከታች እያበሰለች፣ ወደ ላይ እያመላለሰች፣ በእጇ እያጎረሰች አኖረቻት። ቁልፉ ከቃለሕይወት ወገብ፣ ትእዛዙም ከቃለሕይወት አፍ ነበር። አምና ንጋት አክስቷን ደግፋ አውሮፕላን አሳፈረቻት። ሐኪሙ ጨጓራዋን ከፍሎ የእንቁላል ያህል ብቻ አስቀረላትና ከአንጀቷ ጋር በቀጥታ አገናኘው። አዛለች ቀለል፣ ቀጥ ብላ ተመለሰች። ቅዳሜ ገበያ መሐል ሲያንሾካሹኩባት ቆማ «ሆዴን እንጅ ልቤን አላስቆረጥኩም! ስሙኝ፤ በጥቅምት ለአሸተን ማርያም ጃንጥላ ይዤ በእግሬ እወጣለሁ። በበቅሎ አይደለም፣ በእግሬ!» አለቻቸው። ሕዝቡ ሳቀ፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ በየማለዳው መራመድ ጀመረች።

«እንዴት ወደቀች?» አለች ይማርሽ።

«ከድንጋዩ ላይ ዐርፈን ብርዝ ጠጣን። ለእትዬ በትንሿ ሲኒ ነው የተሰጣት፤ ብዙ አይገባላትም። ከዚያ አክስቴ ቃለሕይወት ‹ኧረ ቅዳሴው ይወጣል፣ ተነሡ› አለችን። ጠባቡ ጋ ስንደርስ እትዬን ላብ አጠመቃት፤ በዚያ ብርድ! ‹ንጋትየ፣ ልቤ ሊወጣ ነው፤ ዓይኔ ጨለመብኝ› አለችኝ። ዘወር ስል ጉልበቷ ከዳት። ነጠላዋን ያዝኩ፤ ነጠላዋ ብቻ ቀረልኝ።» አሁን አለቀሰች።

ይማርሽ ጠበቀቻት። «ስኳር ተከልክላ አልነበር?»

«ስኳርማ ከቤት ነው ያጠፋሁት! ዶክተሩ ጣፋጭ እንዳትነካ ብሎን ለስላሳ የለ፣ ኬክ የለ። ይኼ ግን ማር ነው፤ ያውም የዘንድሮ አዲስ ማር። ማር መድኃኒት አይደል?»

በላስታ ማርን ከከረሜላ ጋር የሚቆጥር ሰው የለም። ቅዱሱ ንጉሥ ሲወለድ ንብ ከበበው ብሎ የሚያምን አገር ነው፤ ቁስሉን በማር ያክማል፣ ሳሉን በማር ያስታግሳል። ይማርሽ ራሷ ቃር ሲያስቸግራት እናቷ የምትሰጣት ማር ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር ውስጧን ቆረቆራት።

ወደ ተራራው ለመውጣት ፈንታው በቅሎውን አቀረበላት። ኢንስፔክተሯን ከእግር እስከ ራሷ፣ ከዚያ በቅሎዋን አየ።

«አይዞዎት እሜቴ፣ እሜቴ አዛለችንም ድሮ ተሸክማቸው ታውቃለች።»

«ከበቅሎዋ ይልቅ አንተ ነህ ያማጥከው» አለችና ኮርቻው ላይ ወጣች።

የዐረፉበት ድንጋይ ከመንገዱ ዳር ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ ጠብቦ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሆኖ ይሄዳል። ይማርሽ ከበቅሎዋ ወርዳ ድንጋዩን አየችው። ብርዝ ከፈሰሰበት ስንጥቅ ጉንዳን እንደ ገበያ ቀን ሰው ይተራመሳል። በጣቷ ነክታ አሸተተች፤ ጣቷ ከጣቷ ተጣበቀ።

«ሰው የሚያርፈው እዚህ ነው?»

«የለም እሜቴ! እዚህማ ንፋሱ ማንን ያስቀምጣል? ማረፊያው ከጠባቡ ወዲያ ነው፤ ያቻት ወይራ ሥር። ለጥ ያለ ነው፤ ጥላም አለው። ያን ዕለት እሜቴ ቃለሕይወት ‹ደክሟታል፣ እዚሁ ትረፍ› ብለው አስቀመጡን።»

«ወይዘሮ አዛለች ደክሟት ነበር?»

ፈንታው ራሱን አከከ። «እውነት ለመናገር፣ የደከመው እኔን ነበር። እሳቸውማ እየቀደሙን አስቸግረው ነበር። ‹በቅሎህ ላይ አንተው ተቀመጥባት› እያሉ ይሳለቁብኛል።»

«ንጋት እጇን ስትዘረጋ አይተሃል። እጇ ሲሄድ አዛለች ቆማ ነበር ወይስ መውደቅ ጀምራለች?»

ባለበቅሎውን ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ዓይኑን ወደ ጠባቡ መንገድ ልኮ ቆየ። «ጎንበስ... አዎ፣ ወደ ገደሉ አዘንብለው ነበር። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው፤ የዘረጋችውም። ወይኔ እሜቴ፣ እኔ ያየሁትን እንጅ ገፋች አላልኩም!»

«ከተማው ብሎልሃል» አለች ይማርሽ።

የሆቴሉ ግቢ ገና በለቅሶ ድንኳን ተሸፍኗል። የሟች ባል አቶ ደሳለ ከጥግ ተቀምጧል፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ይማርሽ ዱቅ ብላ ከአጠገቡ ስትቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ፤ ሰዎች ዞር ብለው አዩ፤ እሷም አየቻቸው፤ ዓይናቸውን መለሱ።

«በሕክምናው ምክንያት ከሟች ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ‹በጤና ሰው ላይ ቢላዋ ማን ይመዛል?› ብያታለሁ። ቆይቶ ግን...» አንገቱን ደፋ። «ቆይቶ ግን አንድ ጠዋት ከደረጃው በእግሯ ወርዳ፣ በረንዳው ላይ ከጎኔ መጥታ ቆመች። ስንጋባ ነበር እንደዚያ ቆማ ያየኋት። ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ይኸን ማንም አያምነኝም፤ እርስዎም አያምኑኝ ይሆናል።»

«አብረው ወጥተው ነበር፤ ብርዙን ጠጥተዋል?»

«አንድ ሁለቴ ተጎንጭቼ ተውኩት። ማሩ በዝቶ ጉሮሮ ይይዛል። ቃለሕይወት እንዲያ አድርጋ በጥብጣ አታውቅም፤ የሷ ብርዝ ሁሌም ቀጠን ያለ ነው።»

ይማርሽ ወደ ማድ ቤት አለፈች። እድላዊት የምትባል ሠራተኛ ለለቀስተኛው ሻይ ትቀዳለች። ከትልልቆቹ ፔርሙሶች ኋላ አንዲት ትንሽ ፔርሙስ ለብቻዋ ቆማለች፤ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል።

«ይቺስ?»

«የእሜቴ አዛለች ነበረች» አለች እድላዊት፤ ድምጿ ተሰበረ። «ስኳር የሌለው ሻይ ነው የሚገባባት። ከሌላው እንዳይደባለቅ ክሩን ያሰሩት እሜቴ ቃለሕይወት ናቸው። ስኳር የነካ ማንኪያ ስናስገባባት ይቆጡን ነበር።»

«ወይዘሮ አዛለች ከሕክምናው በኋላ ራሷን ስታ ታውቃለች?»

ልጅቷ ወደ በሩ ተመለከተች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር ነገረቻት። ይማርሽ ስታዳምጥ ቆይታ ትከሻዋን መታ አደረገቻት። «ይህንኑ ሌላ ጊዜ ጮክ ብለሽ ትደግሚልኛለሽ። አይዞሽ፤ አጠገብሽ እኔ እቆማለሁ፤ ከኋላዬ ለመደበቅ ቦታ አይጎድልም።»

ቃለሕይወት ራሷ ሻይ ይዛ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷ በእንባ አብጧል። ሳትጠይቅ ሁለት ማንኪያ ስኳር ከኢንስፔክተሯ ብርጭቆ ጨመረች።

«ይጠጡ፣ ለድካምዎ። እንደርስዎ ያለ ሰው ያን ዳገት መውጣቱ ቀላል ነው?»

«ከፍ ብሎ ሲታይ አገር ያምራል» አለች ይማርሽ። «ስለ እህትዎ ሕክምና ምን ያውቃሉ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ሆዷን አስቆረጠች ሲባል እንደ አገሩ ሰው ሰማሁ። የምትበላውን የምትጠጣውን ከልካይዋም ፈቃጅዋም ንጋት ናት። እኔን ማን ይነግረኛል? ከእናቴ ልጅ ለይተው እንደ ባዳ አድርገውኝ!» አለቀሰች። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ይማርሽን ያስገረማትም ይኸው ነው። ስታለቅስ እጇ ደጋግሞ ወደ ወገቧ ይሄዳል። ከመቀነቷ ሥር የቁልፍ ዘለላ ይንቃጨላል። ድንኳኑ ሳይነሣ ቁልፉ ከቦታው ተመልሷል።

ይማርሽ ሻዩን ሳትነካው ወጣች።

ቢሮዋ ገብታ አዲስ አበባ ደወለች። አዛለችን ያከመው ዶክተር ዘመኑ ስለ ሞቷና መንገድ ላይ ስለጠጣችው ብርዝ ከእሷ ሰማ።

«ማር?» አለ። «ኢንስፔክተር፣ የእርስዎ ጨጓራ ጣፋጩን ይዞ ቀስ እያለ ነው ወደ አንጀት የሚለቀው። የእሷ መያዣ የለውም። የተበጠበጠ ማር በአንድ ጊዜ አንጀቷ ውስጥ ይዘረገፋል። ከሰውነቷ ውሃው ወደዚያ ይጎርፋል፤ ልቧ በፍጥነት ይመታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ያዞራታል፤ ራሷን ልትስት ትችላለች። ቤቷ ብትሆን ጋደም ብላ ያልፍላታል።»

«ገደል አፋፍ ላይ ብትሆንስ?»

«እንዴት ሰጧት? ይህን ለይቼ ነግሬ ነበር እኮ!» አለ፤ ድምጹ ውስጥ ቁጣ ነበር።

ይማርሽ ብድግ አለች። «ለማን?»

እሑድ ጠዋት ሁሉም ከድንጋዩ ዘንድ እንዲገኙ አዘዘች። አዛዡ ይህን ሲሰሙ «ተጠርጣሪ አውጥተሽ ተራራ? ሰው ምን ይላል?» አሉ። «ያለውን ይበል፤ ሲል ነው የኖረው» አለቻቸውና ፊርማቸውን እስኪሰጧት ከቢሯቸው አልነቃነቅ አለች።

ፈንታው በቅሎውን ሲያቀርብላት ወደ ቃለሕይወት ጠቆመች። «እሳቸውን አስቀምጥ። እኔ በእግሬ ነኝ።» ዳገቱን እያለከለከች፣ በየመዞሪያው ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች ወጣች። ምናለ ክንዷን ሊደግፍ ሲል በዓይኗ መለሰችው። ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ደሳለ፣ ቃለሕይወት፣ እድላዊትና ፈንታው ተሰብስበው፣ ንጋትም ከፖሊስ ጋር ቆማ ይጠብቋታል። የአዛለች ጃንጥላ፣ ቀይ ከፋዩ አቧራ እንደለበሰ፣ ከምናለ እጅ ነው።

«ከነጠላው ልጀምር» አለች ይማርሽ ትንፋሿ እንደተመለሰ። «የሚገፋ ሰው እጁን ዘርግቶ ይለቃል እንጅ አይዝም። ንጋት ግን ጥለቱ እስኪተረተር፣ መዳፏ እስኪሰነበር ይዛለች። ፈንታውም እጇ የተዘረጋው አዛለች ካዘነበለች በኋላ መሆኑን ነግሮኛል። ልጅቷ ስትጎትት ነበር። ታዲያ አዛለች ለምን ወደቀች? ከዚያ በፊት እየቀደመች በባለበቅሎው ስታሾፍ የነበረች ሴት በድንገት ላብ ያጠመቃት፣ ዓይኗ የጨለመው ለምንድን ነው?»

«እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው» አለች ቃለሕይወት።

«እሱማ ያውቃል። የአዲስ አበባው ዶክተርም ያውቃል። ብርዙ ነው።»

ደሳለ ደነገጠ። «ሁላችንም ጠጥተነዋል እኮ!»

«ጠጥታችኋል። ምናለም፣ ከተማውም የተታለለው በዚሁ ነው። ለእናንተ ሆድ ማር ነው፤ ለእሷ ሆድ ግን ከተቆረጠ ወዲህ ራስ የሚያስት ነገር ነው፣ በሲኒም ቢሆን። ከአንድ ዕቃ ጠጣችሁ፤ በአንድ ዓይነት ሆድ ግን አልጠጣችሁም። ስኳር የከለከላት ንጋት እንኳ ማሩን አልጠረጠረችም፤ እኔም አልጠረጥርም ነበር። በዚህ አገር ማርን ማን ይጠረጥራል? እንግዲህ የምንፈልገው ጥላቻ ያለውን ሰው አይደለም። ያወቀውን ሰው ነው።»

ንፋሱ የጃንጥላውን ዘርፍ አርገበገበው። ይማርሽ ወደ እድላዊት ዞረች። «በመስቀል ማግስት ምን ሆነ?»

ልጅቷ የኢንስፔክተሯን ክንድ ይዛ ተናገረች። «ንጋት ወገል ጤና ከተማ ሠርግ ሄዳ ነበር። እሜቴ አዛለች ብርዝ ቀምሰው ራሳቸውን ሳቱ። እሜቴ ቃለሕይወት በእሜቴ አዛለች ስልክ የሆነ ቦታ ደወሉ። ሲነቁ ‹ደመራ ላይ ስትቆሚ ብርዱ መትቶሽ ነው› አሏቸው። እኔንም ‹ለማንም እንዳትተነፍሽ፤ ንጋትን በከንቱ ታስደነግጫታለሽ› አሉኝ።»

«ወዴት እንደተደወለ እኔ ልንገራችሁ» አለች ይማርሽ። «ዶክተር ዘመኑ ዘንድ ነው። አንዲት ሴት ከታካሚዋ ስልክ ደውላ ‹እህቴ ብርዝ ጠጥታ ወደቀችብኝ› አለችው። እሱም ማር እንደ ስኳር፣ ያውም በውሃ ከተበጠበጠ የባሰ መሆኑን አስረዳት። ሴትዮዋ ‹ማርም? እርግጠኛ ነህ?› ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ‹ንገሯት› አላት። ‹እነግራታለሁ› አለችው። አልነገረቻትም። አቶ ደሳለ፣ ባለቤትዎ ስንት እህት ነበራት?»

ደሳለ ወደ ቃለሕይወት ዞሮ አያት። «አንድ» አለ።

«ወይዘሮ ቃለሕይወት፣ ስለ ሕክምናው ምንም አላውቅም አሉኝ። ፔርሙሱ ላይ ቀይ ክር ያሰሩት ግን እርስዎ ነዎት። ሻይዋ ውስጥ ስኳር የነካ ማንኪያ ሲገባ የሚቆጡ ሰው፣ ብርዙን ጉሮሮ እስኪይዝ በማር አወፈሩት። ሰው ሁሉ ከወይራው ሥር ሲያርፍ እርስዎ ከጠባቡ በፊት፣ ንፋስ ላይ አስቀመጧት። ጠጥታ ሳታበቃም ‹ቅዳሴው ይወጣል› ብለው አስነሥተው ወደ ጠባቡ ሰደዷት።»

«ቀምሼ ነው ያቀረብኩት!» ጮኸች ቃለሕይወት። «በመዳፌ አፍስሼ፣ በሁላችሁ ፊት! ለእህቴ መርዝ ልሰጥ?»

«ቀምሶ ማቅረብ ‹እኔን ካልገደለኝ አንተንም አይገድልህም› ማለት ነው፤ አባቶቻችን ሰው በሰው እንዲተማመን ያቆዩልን ነገር ነው። እርስዎ እንደማይጎዳዎት እያወቁ ቀመሱ፤ እንደሚጥላት እያወቁ ሰጧት። ያን መተማመኛ ነው መግደያ ያደረጉት።»

የቃለሕይወት እንባ ቆመ። ቀጥ አለች። አሁን ከእህቷ ጋር መመሳሰላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። «ማር ነው ያጠጣሁት። ማር! በየትኛው ሕግ ነው ማር መርዝ የሆነው?»

«እሱን ለዳኛው ይንገሩት። እኔ የዶክተሩን፣ የእድላዊትንና የፈንታውን ቃል ይዤ እቀርባለሁ።»

«እሷ ስትቀመጥ የቆምኩት እኔ ነኝ!» አለች ቃለሕይወት፤ ድምጿ ገደሉ ላይ አስተጋባ። «ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት፣ ቤቱን ያቆምኩላት እኔ! ይቺ ትላንት የመጣች ልጅ አስቆርጣ አስነሣቻትና፣ እህቴ ቁልፉን ከወገቤ ፈትታ ለዚችው አሰረችላት። በሠራተኛ ፊት! ‹አንች ደክሞሻል፣ ዕረፊ› አለችኝ። ዕረፊ! ተቀምጣ ብትኖር ምን አለ? ምን ጎደለባት?»

«መቆም ጎደለባት!» አለች ንጋት። ፖሊሱን አልፋ ከአክስቷ ፊት መጥታ ቆመች። «ብትጠይቂኝ ቁልፉን እኔው እመልስልሽ ነበር። ቁልፍ እኮ ነው፣ አክስቴ። ቁልፍ!»

ምናለ ዘለላውን ከቃለሕይወት መቀነት ሲፈታው እጇ እንደለመደው ወደ ወገቧ ሄደ፤ ምንም አላገኘም። ደሳለ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከተማው ‹ባሏ ገደላት› ሳይል የቀረው ለጥቂት ነው፤ አሁን ከሁሉም ይልቅ እሱ ነበር የሚያለቅሰው።

ቃለሕይወትን ይዘው ሲወርዱ ምናለ ወደ ኋላ ቀርቶ ለንጋት የእጇን ሰንሰለት ፈታላት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት መሬት እያየ። ንጋት ራሷን ነቀነቀች፤ ጃንጥላውን ከእጁ ወሰደች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ብቻሽን ነሽ የምትወጪው?» አለች ይማርሽ።

«ስለቷ ነው።»

«እንግዲያ ቅደሚ። እኔ ቀስ እላለሁ።»

ፈንታው በቅሎውን መልሶ አምጥቶ ነበር። «እሜቴ፣ ገና ግማሹ አልተወጣም። ጉልበትዎም... ደግሞ ሰውም ያያል።»

«ይይ! እስኪጠግብ ይይ!» አለችው።

ጠባቡን መንገድ ንጋት ከፊት፣ ይማርሽ ከኋላ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ አለፉት። አዛለች የወደቀችበት ቦታ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች፤ ይማርሽ ምንም ሳትል እጇን ከጀርባዋ አሳረፈችላት። ከወይራው ሥር ዐርፈው ተነፈሱ። ከዚያ የድንጋዩን ደረጃ ተያያዙት፤ ይማርሽ ዐሥር ጊዜ ቆማ ዐሥር ጊዜ ተነሣች፤ አንድ ጊዜም ተመልሳ ቁልቁል አላየችም።

ከገዳሙ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ጃንጥላውን አዩ፤ ሁለቱን ላብ ያጠመቃቸውን ሴቶች አዩ።

«ስለቱ የማን ነው፣ ልጄ?»

«የአዛለች ነው፣ አባቴ።»

«የትኛዋ አዛለች? ያች... ሆዷን ያስቆረጠችው?»

ንጋት ቀና አለች። «አዎ፣ እሷው ናት። በእግሯ ነው የመጣችው።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ከፈቱትም። ቀዩ ከፋይ በጥቅምት ፀሐይ ተነጠፈ፤ ጥላው በሁለቱም ላይ ዐረፈ።

«እንግዲያ ትግባ» አሉ።